ተቀባይ ያጣ ዋዜማ

የሩዝ መፈተጊያዬን ካላጠፋሁት ደህና ነኝ። ወረታ ውስጥ ሩዝ የሚያስፈትግ ሰው ሁሉ ይህን ዐመሌን ያውቃል። ጆንያ ኖረም አልኖረም ሞተሩ ከጠዋት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲያጓራ ይውላል። «ሰብለ ወንጌል፣ ዛሬ ደግሞ አየር ነው የምትፈትጊው?» ይሉኛል ባለጋሪዎቹ። «የናንተን ወሬ ነው የምፈትገው፣ ገለባው በዛብኝ እንጅ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። መብራት ሲጠፋ የሚያዝን ባለወፍጮ ሞልቷል። እኔ የምፈራው ግን ገበያው ይቀርብኛል ብዬ አይደለም።

ሞተሩ ሲጠፋ አባቴ ይመጣሉ። አይታዩም፤ ያላየሁትን አየሁ አልልም። ድምፃቸው ብቻ ነው። በመቋሚያቸው ተደግፈው ይቆሙበት ከነበረው ከበሩ ሥር ሆነው የሚካኤልን ዋዜማ ይመራሉ። የመጀመሪያዋን ሐረግ ብቻ። ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። የሚጠብቁት እኔን ነው።

ማኅሌት ቆሞ ላላየ ሰው ላስረዳ። ካህናቱ በቀኝና በግራ ሁለት ረድፍ ሆነው ይቆማሉ። መሪጌታው አንድ ቃል በዜማ ያነሣል፤ ይህ መምራት ይባላል። ወዲያኛው ረድፍ ቀጣዩን ይመልስለታል፤ ይህ መቀበል ነው። የመራ ሰው ተቀባይ ካላገኘ ወደፊት አይሄድም፤ እዚያው ቆሞ ይቀራል። አባቴ መሪጌታ ገብረ ኪዳን በቁሐር ሚካኤል አርባ ዓመት መርተዋል። ያን አርባ ዓመት ሙሉ ከግራ ቆመው የተቀበሏቸው ጓደኛቸው ግራ ጌታ ውባየሁ ናቸው። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም፤ የማኅሌት ቃል ለወሬ ማጣፈጫ አይሆንም።

እኔ ሴት በመሆኔ ድጓ ያስተማረኝ የለም። ግን የድጓ ቤታችን ግድግዳ ጭቃ ነበር፤ ጭቃ ደግሞ ድምፅ አያስቀርም። ከውጭ ጥጃ እያሰርኩ፣ ሽንኩርት እየኮተኮትኩ፣ ውስጥ ካሉት ተማሪዎች እኩል በሆዴ እቀበል ነበር። አባቴንም እንደ ተማሪዎቹ «የኔታ» ነበር የምላቸው። ከሰማሁት ሁሉ አድጌ፣ አግብቼ፣ ፈትቼ፣ ነጋዴ ሆኜ ሳበቃ የቀረችልኝ አንዲት መልስ ናት። ያቺው የዋዜማዋ የመጀመሪያ መልስ።

የኔታ መርሳት የጀመሩት እናቴ አማከለች ባረፈች በዓመቱ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ሆነ። መጀመሪያ ሳቅንበት። ምሳ በልተው እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ «ምነው ዛሬ ጦም ነው እንዴ?» ሲሉን በሳቅ ፈረስን። ከዚያ የወንድሜን ስም ረሱት። ወንድሜ ማርቆስ ቄስ ነው፤ በዚያው በቁሐር ያገለግላል። የሱ ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ስለሚገባበት እኔ ወረታ አመጣኋቸው። ከዚያ ድጓው ራሱ ይሄድ ጀመር። በየአገሩ እየለመኑ የተማሩት፣ ስንቱን ዲያቆን ያወጡበት ድጓ በየቀኑ እየተሸረፈ አለቀ። የቀረቻቸው የዋዜማዋ መጀመሪያ ብቻ ሆነች።

ጣራ ገዳም ወስጃቸው ሦስት ሱባኤ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። መነኮሳቱ ወደዷቸው፤ እሳቸውም ጠበሉ ሲቀዘቅዛቸው «ይህን ያህል ምን በደልኩ?» እያሉ ያስቁ ነበር። ሳይሻላቸው እንደሄዱ ተመለሱ። በዚያው ሰሞን ግራ ጌታ ውባየሁ ሊጠይቋቸው ወረታ መጡ። የኔታ ብድግ ብለው መቋሚያቸውን ተከሉና ያቺን ሐረግ መሩላቸው። አርባ ዓመት የተቀበሏቸው ሰው ግን አንገታቸውን ደፉ።

«ልጀ፣ ይኸ አብሾ ነው» አሉኝ ወደ ውጭ ስበው።

አብሾ የቆሎ ተማሪ የሰማው ቃል እንዳይጠፋው ብሎ የሚጠጣው ቅጠል ነው። ሁሉም ያውቀዋል፤ ጠጣሁ የሚል ግን አይገኝም። ብዙ የጠጣ ያብዳል ይባላል።

«በተማሪነታችን አብረን ነው የጠጣነው» አሉ። «እኔን አስመለሰኝ፤ እሱ ሆዱ ያዘው። ይኸው ካምሳ ዓመት በኋላ ተነሣበት።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ግራ ጌታ?»

«እንዳትቀበሉት። አብሾ የተነሣበት ሰው ተቀባይ ካገኘ መምራቱን አያቆምም። ሲመራ ውሎ ሲመራ ያድራል፤ ደክሞ ደክሞ ነፍሱ ትወጣለች። ተቀባይ ካጣ ግን ይበርድለታል። በተማሪ ቤት እንዲያ እያደረግን ነው ስንቱን ያዳን።»

እኔም አመንኩ። ከሳቸው በላይ ማን ያውቃል? ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ እርግማኔን አውርጄባቸው እገላገል ነበር። እያለቀሱ ነበር የነገሩኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን የኔታ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ መፈተጊያ ቤቴ በር ይመጡ ነበር። ሰዓት አያዩም፤ የዋዜማው ሰዓት ግን ጠፍቷቸው አያውቅም። ይመራሉ። ከዚያ ያዩኛል። መልሱ ምላሴ ላይ ነው። አንዳንዴ ሳላውቀው ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ እሳቸውም ያንን ሲያዩ ፊታቸው ይበራል፣ ወደፊት ጠጋ ይላሉ። ያኔ ፊቴን አዞራለሁ። ከማንኛውም በደሌ ይልቅ ያቺ ፊት ማዞር ናት የምታቃጥለኝ። ለመድኃኒት ብዬ ነበር፤ ግን እውነቱን ልናገርና አንዳንድ ቀን ስለሰለቸኝም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን፣ የሚካኤል ዋዜማ፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ገና መምጣቱ ነው። ደጁ በጋሪ ተሞልቷል፤ ሰው ይጨቀጭቀኛል። የኔታ መጡና መሩ። ዝም አልኩ። ሌላ ጊዜ አንዴ መርተው፣ ጠብቀው፣ ይመለሱ ነበር። ያን ቀን ሁለተኛ መሩ። ድምፃቸው ልመና ነበረው። «ሴትዮ፣ መብራቱ ሳይሄድብን!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ማብሪያውን ጫንኩት። ሞተሩ ተነሣና የሳቸውን ድምፅ ዋጠው። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ሦስተኛ እየመሩ ነበር።

የሰው ሩዝ ፈትጌ ስጨርስ በሩ ላይ የሉም። ለጋሪ ተብሎ አጥሩ ተከፍቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቁሐር አጠገብ፣ ከሰው ማሳ ውስጥ አገኟቸው። ሜዳው ሁሉ ውሃ ነበር፤ ግን ያ ቦታ ከጉልበት አያልፍም። መቋሚያቸው ጭቃው ላይ ተተክሎ ቀጥ ብሎ ቆሟል ብለው ነገሩኝ። ማርቆስ ለሕዝቡ «አባታችን ወደ ዋዜማው ሲሄዱ መልአኩ ተቀበላቸው» አለ። ሰው እልል አለ። መቋሚያው ከቆመበት ቦታ ጭቃ እየቆነጠሩ የወሰዱም አሉ። እኔ ግን መልአኩ የተቀበላቸው ልጃቸው ስላልተቀበለቻቸው መሆኑን አውቃለሁ። ተዝካራቸው በተበላ ማግስት ሞተሩን አጠፋሁና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋቸው።

እንዲህ እያለ ከዓመት በላይ አለፈ። በ2015 ኅዳር ላይ አንድ ወጣት ሐኪም ከባሕር ዳር መጥቶ በከተማው አዳራሽ ሰው ሰበሰበ። ስሙ በእውቀቱ ነው፤ ዶክተር በእውቀቱ። እናቱ በዚሁ በመርሳት ሕመም ነው የሞተችው። ጥር ላይ ከአዲስ ዘመን እስከ ባሕር ዳር በብስክሌት እንደሚጋልቡና በሚገኘው እርዳታ በአገራችን አረጋውያን፣ በተለይ ይህን ሁሉ ድጓና ቅኔ በቃላቸው በያዙ ሊቃውንት ላይ ሕመሙን እንደሚያጠኑ ነገረን። «ገንዘቡ አንድ ነገር ነው» አለ። «ከገንዘቡ የባሰው ግን ሰው ማጣታችን ነው። ሁሉም ታማሚውን ጓዳ ይደብቃል። ያልታየ ሰው እንዴት ይጠናል?»

ቀጥሎ ሌላ ነገር ተናገረ። «ከሁሉ መጨረሻ የሚሄደው ዜማ ነው። እናቴ ስሜን ረስታ የሠርግ ዘፈኗን አልረሳችም። ሲያዜሙ አብራችሁ አዚሙ፣ አትተዋቸው። ያን ያህል የሚያረጋጋቸው ነገር አላየሁም።»

ወጥቼ የአዳራሹን አጥር ተደግፌ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ማልቀስ ብዙም አይሆንልኝም፤ ንዴት ግን ያቆመኛል። ተመልሼ ገባሁና «እኔንም ጻፈኝ» አልኩት።

«ብስክሌት ይችላሉ እትዬ?»

«አንተ ሳትወለድ ባሕር ዳር ተምሬያለሁ፤ ጻፍ።»

የአርባ ሦስት ዓመት ሴት፣ ያውም ሰፋ ያለች፣ ብስክሌት ላይ ስትወጣ ወረታ ምን እንዳለ አትጠይቁኝ። «በቅሎ ሞታባት ነው» አሉ። «ላስቲኩን እግዜር ይርዳው» አሉ። ግን የኔታን የማያውቅ የለምና፣ ለሳቸው ነፍስ እንደምጋልብ ሲሰሙ የሚያስፈትግ ሁሉ ከሩዙ ጣሳ ጣሳ እያነሣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ለእርዳታው የሚሆን ጥግ ላይ ያፈስልኝ ጀመር። ጠዋት ጠዋት በአስፋልቱ እስከ ጉማራ ድልድይ እየሄድኩ ተለማመድኩ። ያልጠረጠርኩት ነገር ብስክሌት ሞተር እንደሌለው ነበር። ከከተማው ወጥቼ ነፋሱ ብቻ ሲቀር፣ የኔታ ከኋላዬ ዕቃ መጫኛው ላይ እንደተቀመጠ ሰው ቀርበው ይመሩልኛል። ከዚያ ይጠብቃሉ። እግሬ እስኪንቀጠቀጥ ብፈጥንም አይወርዱም። ለምን አልተቀበልሽም ትሉኝ ይሆናል። ሞክሬያለሁ። በሕይወት ሳሉ የነፈግኳቸውን ከሞቱ በኋላ ልሰጣቸው ስል ድምፄ አልወጣ አለ።

ዶክተር በእውቀቱ አንድ ደንብ ነበረው። እያንዳንዱ ጋላቢ የሚጋልብለት ሟች አገር ሲደርስ ወርዶ፣ ሕዝቡ ፊት ስማቸውን ጠርቶ፣ እንዴት እንደታመሙና እንዴት እንደተያዙ እውነቱን ይናገራል። የእኔ ተራ ቁሐር ላይ ነበር። ይህን የሰማው ማርቆስ ከጉዞው አንድ ቀን በፊት ከሰዓት በኋላ አጥሬን ገፍቶ ገባ። ሞተሩ እየጮኸ ነው። አጥፊው አለኝ በእጁ፤ እምቢ አልኩት። ራሱ ሄዶ አጠፋው።

ጸጥ አለ። ከበሩ በኩል የኔታ መሩ። ማርቆስ ምንም አልሰማም።

«እትየ፣ ነገ ምን ልትይ ነው?» አለኝ።

«የሆነውን።»

«የሆነው ምንድን ነው? አባታችን ወደ ዋዜማ ሲሄዱ ነው ያረፉ። ውሸት ነው?»

«ውሸት አይደለም። ጎደሎ ነው።»

«ስሚኝ እስቲ። አብሾ ነው ያልሽ እንደሆነ ሊቁን ታዋርጃቸዋለሽ። በሽታ ነው፣ እኔ ነኝ ዝም ያልኳቸው ያልሽ እንደሆነ ደግሞ ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ሞተር አስነሥታ አባቷን የገደለች ይሉሻል። ገበያ የሚመጣልሽ ይመስልሻል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ለኔ ፈርቶ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ። ለራሱ ክብር መስሎኝ ሰንብቼ ነበር። ሳሳሁለት፤ ግን የኔታ በሩ ላይ ሁለተኛ እየመሩ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አልኩት። «ስማ ማርቆስ፣ በየጓዳው እንደ የኔታ ያለ ሰው ተቀምጧል። ያንተ ምእመናን ናቸው። አብሾ ነው፣ ዛር ነው፣ ኃጢአት ነው እየተባለ የሚያናግራቸው ጠፍቷል። ነገ እኔ ዝም ካልኩ እነሱም ዝም እንደተባሉ ይሞታሉ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ከሞተሩ በቀር ምን አለኝ?»

መስቀሉን አውጥቶ አሳለመኝና ወጣ። እኔም ሞተሩን አስነሣሁ።

በማግስቱ ከአዲስ ዘመን ስንነሣ አሥራ ሦስት ነበርን። መንገዱ ገና ለብስክሌት ሰላም ነበር፤ ቀጥሎ ከመጣው ክረምት ወዲህ እንደልብ አልሆነም። የጣራ ገዳምን ተራራ ቀና ብዬ ሳላይ አለፍኩ። ጀርባችን ላይ በጨርቅ የተጻፈ የሟቾቻችን ስም ነበር፤ ከፊቴ «እናቴ ሸዋዓለም» የሚል የዶክተሩ ጨርቅ ይሄዳል። የርብን ድልድይ ስንሻገር ፎገራ ሜዳው ተዘረጋ። ሩዙ ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ ቀርቷል፤ ላሞቹ ይግጡበታል፤ እርጥቡ ላይ ጓያ አብቧል። ያ ሁሉ ነሐሴ ላይ ውሃ ነበር ብሎ የሚያምን የለም። የኔታ ከኋላዬ ናቸው። ይመራሉ፣ ይጠብቃሉ። ወረታ ስንገባ ባለጋሪዎቹ በፉጨት ተቀበሉን፤ ለአንድ አፍታ የየኔታ ድምፅ ጠፋልኝ። ስንወጣ ተመለሱ።

ቁሐር፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያስገባው መንገድ አፍ ላይ ካለው ሾላ ሥር ሰው ሞልቶ ይጠብቀናል። ካህናቱ ፊት ተቀምጠዋል፤ ማርቆስ መሬት መሬት ያያል። ግራ ጌታ ውባየሁ በመቋሚያቸው ተደግፈው ከጫፍ ናቸው። እጃቸውን ስስም «አማከለች፣ ሩዙ ተወቃ?» አሉኝ። ተወቃ አልኳቸው። እናቴን እመስላለሁ፤ ስሜት ይዟቸው ነው አልኩና አለፍኩት።

ሕዝቡ ፊት ቆሜ ያሰብኩት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

«አባቴ መሪጌታ ገብረ ኪዳን» አልኩ። «የታመሙት የመርሳት ሕመም ነው። እንደ ወባ፣ እንደ ሳንባ በሽታ ነው። የኃጢአት አይደለም፤ የአብሾም አይደለም። እኔ አብሾ ነው ብዬ ነበር። ሁለት ዓመት በየቀኑ የሚካኤልን ዋዜማ መሩልኝ። መልሱን አውቀው ነበር፤ ከግድግዳው ሥር ሰምቼ ነው ያወቅኩት። አንድ ቀን እንኳ አልተቀበልኳቸውም። ባረፉበት ቀን ሦስት ጊዜ መሩ፤ እኔ ሞተር አስነሣሁባቸው። ተቀባይ ፍለጋ ነው እዚህ ድረስ በውሃው የመጡት።»

ማንም አላጉረመረመም። ባጉረመረሙ በወደድኩ። ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ ግራ ጌታ ውባየሁ ተነሡ።

«እንዳትቀበሉት ያልኩ እኔ ነኝ» አሉ። «በልጅቱ አትፍረዱባት። አርባ ዓመት እሱ ሲመራ ስቀበል ኖሬ፣ ቤቷ ድረስ ሄጀ ሲመራልኝ መሬት አየሁ። እኔ ነኝ።»

እንዲህ አሉና ከካህናቱ ወጥተው ወደ ግራ ቆሙ፤ በቀኝ በኩል፣ የኔታ ይቆሙበት የነበረውን ያህል ቦታ ክፍት ትተው። መቋሚያቸውን ተከሉና ያቺን መልስ በተሰበረ ድምፅ ተቀበሉ። ማንም ሳይመራ ተቀበሉ። እኔ ግን የኔታ ሲመሩ ሰምቻለሁ። ጉሮሮዬ ተከፈተና ከሴቶቹ መሐል ሆኜ አብሬ ተቀበልኩ። ሴት ማኅሌት አፍ አትከፍትም የሚል ሰው ነበረ እንደሆነ ያን ቀን ዝም ብሏል።

ከዚያ የሆነውን ዶክተሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ሰው አንድ በአንድ ተጠጋው። «እናቴ ናት» አለ አንዱ በጆሮው። «ባሌ ነው፤ ዘንድሮ ሁለት ዓመቱ» አለች ሌላዋ። ብዕሩን ተቀብሎ ስማቸውን የጻፈለት ማርቆስ ነው። ሁሉንም ያውቃቸዋል፤ የማንንም ጓዳ ግን አያውቅም ኖሯል።

እኔም ተገላገልኩ ብዬ ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ። ነፋሱ ነፋስ ብቻ ሆነ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም፤ ጮክ ብዬ ስቄያለሁ። ጉማራ ድልድይ ላይ ስንደርስ፣ ውሃውን ለማየት ዝግ ስል፣ የኔታ ከኋላዬ መሩ።

ሌላ ሐረግ። ከዚያ በፊት የማላውቀው።

መሩና ጠበቁ። ነገሩ ገባኝ። ተቀባይ ሲያገኙ ወደፊት ሄዱ፤ እዚያ ማዶ ዋዜማው ገና አላለቀም። እኔ ደግሞ የማውቀው አንዱን መልስ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ስገባ ሰው ያጨበጭባል፤ እኔ ግን የማለቅሰው በደስታ አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መፈተጊያዬን ዘግቼ ቁሐር ሄድኩ። ግራ ጌታ ውባየሁ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሙሉውን ዋዜማ ያስተምሩኝ ዘንድ ልለምናቸው ነበር የሄድኩት፤ ከሳቸው ሌላ የየኔታን መልስ በየኔታ ቃና የሚያውቅ አልቀረም። አጠገባቸው ተቀምጬ ጉማራ ላይ የሰማሁትን ሐረግ በዝግታ አዜምኩላቸው።

ቀና አሉ። «ይኸን ከየት አመጣሽው? የዋዜማው ሁለተኛ ነው። ይኸን ከገብረ ኪዳን በቀር እንዲህ የሚያነሣው የለም።»

«ከግድግዳው ሥር ነው» አልኳቸው። ምናልባትም እውነት ነው።

«መልሱን ይስጡኝ ግራ ጌታ። እየጠበቁኝ ነው።»

«እንዴታ» አሉና ተደግፈው ተነሡ። ነጠላቸውን አጣፉ። መቋሚያቸውን ተከሉ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። ሐረጉን ራሱን መልሰው አነሡትና እዚያው ቆሙ። እንደገና አነሡት። ዓይናቸው መሬቱን፣ ሰማዩን፣ እኔን ዞረ።

«አማከለች» አሉኝ ቀስ ብለው። «ቀጥሎ ምን ነበር?»

ከዚያ የዋዜማዋን መጀመሪያ፣ ያቺን የየኔታን፣ መሩልኝ። መሪ ሆነው የማያውቁት ሰው መሩና ጠበቁ። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አዩት፤ ፊታቸው በራ፣ ወደፊት ጠጋ አሉ።

ከኋላዬም የኔታ የማላውቀውን እየመሩ ነበር፤ ለሳቸው የምሰጣቸው አልነበረኝም። ፊቴን ግን አላዞርኩም። የማውቀው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱኑ ለግራ ጌታ ውባየሁ ተቀበልኩላቸው።